ዱቲም ማስተርስም፦ የጎጃም ጤና ባለሙያዎች ይጠይቃሉ

ሰሞኑን ከፍኖተ ሰላም፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከእንጅባራ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ደረሱን። ጠያቂዎቹ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ጤና መኮንኖች ናቸው። ሥራ ላይ ናቸው፣ ዱቲ (የተረኛነት ሥራ) አለባቸው፣ አብዛኞቹም ቤተሰብ መሥርተዋል። ማስተርስ መማር ይፈልጋሉ፤ ግን ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ገብቷቸዋል። ስማችን አይውጣ ስላላችሁ አላወጣንም፤ ረጃጅሞቹንም ደብዳቤዎች አሳጥረናል። እኔ ነርስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት ሥራ ሳልለቅ ነው። ጉዳዩ ከልቤ ያሳስበኛል፤ ጎበዝ ጎበዝ ባለሙያዎች በችኮላ በመረጡት ትምህርት ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ጨርሰው፣ ተመርቀውም ቅር እንዳላቸው ሲቀሩ ማየት ያመኛል።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም የምሠራ ነርስ ነኝ። ሜዲካል ዎርድ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለትዳርና የ3 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ኤምፒኤች እየጀመሩ ነው። «ኤምፒኤች ካልያዝሽ እድገት የለም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ከሕመምተኛ መራቅ አልፈልግም። ምን ልማር? በምን ጊዜዬስ?

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽውን ደብዳቤ ደግመሽ አንብቢው። «ከሕመምተኛ መራቅ አልፈልግም» ብለሻል። ከዚህ እንነሳ።

ትምህርት ከመምረጥሽ በፊት ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ከተመረቅሽ በኋላ ሰኞ ጠዋት የት ገብተሽ፣ ምን ስትሠሪ መዋል ነው የምትፈልጊው? የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፣ ማለትም ኤምፒኤች፣ በውስጡ ብዙ ዘርፍ አለው። ኤፒዲሚዮሎጂ አለ፣ ባዮስታትስቲክስ አለ፣ ሥነ ተዋልዶ ጤና፣ ሥነ ምግብ፣ የጤና አገልግሎት አስተዳደር፣ የጤና ኢንፎርማቲክስ። የሚያስገባሽ ሥራ በአመዛኙ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ዞን ጤና መምሪያ፣ ፕሮጀክት፣ ጥናትና ምርምር፣ ወይም ማስተማር ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ጃዊ ላይ የወባ ቁጥር ከፍ ማለት ሲጀምር ሪፖርቱን በጊዜ አንብቦ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» የሚል ሰው ካልኖረ፣ በሦስተኛው ሳምንት ዎርዱ ሞልቶ ሕመምተኛ መሬት ላይ ይተኛል። ስለዚህ ኤምፒኤችን የሚወድ ይማረው።

አንቺ ግን የምትወጂው አልጋ አጠገብ ያለውን ሥራ ነው። ለዚያ የተሠራ ማስተርስ አለ፤ የአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ፣ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ፣ የሕፃናት ጤና ነርሲንግ እያለ ይቀጥላል። ጎጃም ውስጥ ካሉት የባሕር ዳርንና የደብረ ማርቆስን ዩኒቨርሲቲዎች ማስታወቂያ ተከታተዪ። የጎንደርንም ጨምሪበት፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ቤት ነው።

ስለ እድገቱ የነገሩሽን ደግሞ ሳታጣሪ አትቀበዪ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ከዱቲ ለማምለጥ ብሎ ኤምፒኤች ይማራል፤ ተመርቆ ሲመጣ በመዋቅሩ ላይ ክፍት መደብ የለም፤ ተመልሶ እዚያው ዎርድ፣ እዚያው ዱቲ። ከመመዝገብሽ በፊት የሰው ሀብት ክፍል ግቢና እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «በዚህ ሙያ ተመርቄ ብመጣ የምመደብበት መደብ እዚህ ሆስፒታል አለ? ደረጃውስ ስንት ነው?» ስለ ኤምፒኤችም ጠይቂ፣ ስለ ነርሲንግ ማስተርሱም ጠይቂ። መልሱ ምናልባት ከጓደኞችሽ ወሬ ጋር አይገጥምም።

አሁን ወደ ጊዜው። መጀመሪያ የፕሮግራሙን ዓይነት እዪ። መደበኛ ከሆነ ከሥራ ተለቀሽ ነው የምትማሪው፤ መሥሪያ ቤትሽ ስፖንሰር ሆኖ ከላከሽ ደሞዝሽ ይቀጥላል፤ በምትኩ ስትመለሺ የምታገለግዪበት ውል ትፈርሚያለሽ። ውሉን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ስንት ዓመት ነው? ብታቋርጪ ምን ትከፍያለሽ? ባልሽ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር ምን ይሆናል? ኤክስቴንሽን ወይም የቅዳሜና እሁድ ከሆነ ደግሞ ከኪስሽ ነው። ክሊኒካል ማስተርስ የዎርድ ልምምድ ስላለው ብዙ ጊዜ በቅዳሜና እሁድ ብቻ አይገፋም፤ ይህንን ለትምህርት ክፍሉ ደውለሽ አረጋግጪ።

ገንዘቡን ስታሰዪ የትምህርት ክፍያውን ብቻ አታስቢ። ትራንስፖርት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ ለጥናቱ መረጃ ሰብሳቢ አለ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ የዱቲ ክፍያን ነው። ቅዳሜና እሁድ ክፍል ከገባሽ የቅዳሜና እሁድ ዱቲ አትይዢም፤ ያ ገንዘብ ከወር ወጪሽ ውስጥ ስንቱን እንደሚሸፍን አንቺ ታውቂዋለሽ። ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ጻፉት። አንዱን ዓመት ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው።

ፍኖተ ሰላም ሆነሽ ወደ ማርቆስም ወደ ባሕር ዳርም መንገድ አለሽ፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ እኔና አንቺ እናውቃለን። ስለዚህ ያመለጠ ክፍል እንዴት እንደሚካካስ፣ ፈተና ያመለጠው ሰው ምን እንደሚደረግ ከመመዝገብሽ በፊት ጠይቂ። «እናስብበታለን» ካሉሽ በደንብ ያልታሰበበት ነው፤ ያንንም ከግምት አስገቢ።

ከማትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) ጋር ያለሽ ስምምነት በቃል ብቻ አይሁን። የሴሚስተሩን የትምህርት ቀናት ዘርዝረሽ በደብዳቤ አስገቢ፣ ግልባጩን ያዢ። ከሥራ ባልደረቦችሽ ጋር ደግሞ እውነተኛ ልውውጥ አድርጊ። የፋሲካንና የገናን ዱቲ «እኔ ልያዝላችሁ» በዪ። ለቤታቸው በዓል የሰጠሻቸው ሰዎች ቅዳሜሽን በደስታ ይሸፍኑልሻል፤ ዝም ብለሽ በየሳምንቱ «ሸፍኑልኝ» ካልሽ ግን በሁለት ወር ይሰለቻሉ፤ ደግሞም አይፈረድባቸውም።

አንድ ነገር አደራ። ዓርብ ሌሊት ዱቲ አድረሽ ቅዳሜ ንጋት ላይ መኪና አትሳፈሪ። ክፍል ገብተሽ ምንም አይገባሽም፣ ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁ፣ እሁድ ማታ ደክሞሽ ተመልሰሽ ሰኞ ጠዋት ኢንሱሊን የምትለኪው አንቺ ነሽ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዶዝ ይስታል። ሕመምተኛው ስለ ማስተርስሽ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ የዓርብ ሌሊት ዱቲ ከሁሉ በፊት የምትቀይሪው ይሁን።

ጥያቄ፦ ሞጣ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በሜዲካል ማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። የጋት ፈተና ግን አስፈርቶኛል። ሒሳብ ከነካሁ ቆየሁ። በዚህ ላይ ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለነው ሁለት የላብራቶሪ ሰዎች ብቻ ነን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጋት የሚያስፈራ ፈተና አይደለም፤ ካልለመዱት ግን ያስደነግጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ማስተርስ ለመግባት በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጥ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ነው። ስለ ማይክሮባዮሎጂ አይጠይቅህም። እንግሊዝኛህን፣ ከቁጥር ጋር ያለህን ቅርበትና አመዛዘንህን ነው የሚለካው። በኮምፒውተር ነው፣ ሰዓቱም ይቆጥራል።

ሒሳቡን በተመለከተ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ከጎረቤት ተማሪ ተዋስ። ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ አማካይ፣ ግራፍ ማንበብ፣ ከዚያ አያልፍም ብለህ ጀምር። አንተ እኮ በየቀኑ ዳይሉሽን የምትሠራ ሰው ነህ። 1 ለ10 ማቅጠን ሬሾ ካልሆነ ምንድን ነው? ሒሳብ የረሳህ ስለመሰለህ እንጂ እጅህ ያውቀዋል።

ለእንግሊዝኛው ደግሞ ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች ድረ ገጽ ላይ በየቀኑ አንድ የጥናት ማጠቃለያ አንብብ፤ በሙያህ ያለውን ምረጥ። ካነበብክ በኋላ ዋናውን ሐሳብ በራስህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈው። ይህ ልምድ ለጋትም ለትምህርት ክፍሉ ፈተናም ይሆንሃል፤ ስትገባም ከሌላው ትቀድማለህ። ስልክ ላይ ብቻ አትለማመድ። ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ፣ ሰዓት ይዘህ ኮምፒውተር ላይ ሥራ።

ወረቀቶችህን አሁኑኑ ጀምር። ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሥራ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ኮስት ሼሪንግ መጨረስህን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃለህ፤ ፈተናውን አልፈው በዚህ ወረቀት ምክንያት ምዝገባ ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ። ሁለት ብቻ መሆናችሁን በተመለከተ፣ ከጓደኛህ ጋር በግልጽ ተነጋገር። እሱም መማር ይፈልግ ይሆናል። አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ተከትሎ ብላችሁ ተስማሙና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አብራችሁ አሳውቁ። አብራችሁ ስትቀርቡ ጥያቄው የአንድ ሰው ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ የጤና ጣቢያው እቅድ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደጀን ወረዳ ጤና መኮንን ነኝ። ዕድሜዬ 44 ነው። ቀዶ ሕክምናውን፣ የማህፀኑን የድንገተኛ ትምህርት ድሮ ጀምሮ እመኘው ነበር። አሁን ግን ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች መሃል ገብቼ ልማር? ዘግይቻለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜዎን በቁጥር እንየው። ጡረታ 60 ነው። የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የጽንስና ማህፀን ማስተርስ 3 ዓመት ነው። ዘንድሮ ቢገቡ በ47 ይጨርሳሉ። 13 ዓመት ያገለግላሉ ማለት ነው። በ13 ዓመት ውስጥ በእጅዎ የሚተርፉትን እናቶች ያስቡ።

ይህ ትምህርት የተጀመረው የቀዶ ሐኪም በማይደርስበት ቦታ ለጤና መኮንኖች ነው። በቀዶ ማዋለድ፣ የተቀደደ ማህፀን፣ ትርፍ አንጀት፣ የተጠማዘዘ አንጀት። እርስዎ ያሉበት አካባቢ ደግሞ ከዓባይ በረሃ ዳገቱን ወጥታ ምጥ የጠናባት እናት የምትመጣበት ነው። ሪፈር ብለው አምቡላንስ ሲጠብቁ ምን እንደሚሰማዎ እኔ ልነግርዎ አልችልም፤ ያውቁታል።

ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ከሥራ ጋር የሚማሩት ትምህርት አይደለም። ሙሉ ጊዜ ነው፣ ሌሊቱም የራሱ ነው። 3 ዓመት ቤተሰብዎ አብዛኛውን ጊዜ ያለ እርስዎ ይኖራል። ስለዚህ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ያስቀምጡና ይጠይቋቸው። የእርስዎ ውሳኔ ብቻ መሆን የለበትም። ሌላው፣ አንዳንድ የስፖንሰር መስፈርቶች የዕድሜ ገደብ ስለሚያወጡ ዞን ጤና መምሪያ ሄደው የዘንድሮውን መስፈርት በዓይንዎ ይዩ። ሰው ነገረኝ ብለው አይቅሩ።

ቤተሰቡ ከከበደው ሌላም መንገድ አለ። የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ማስተርስ 2 ዓመት ነው፤ በአገራችን የተጀመረው በፈረንጆቹ 2009 ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ከመማሪያ ክፍል ውጭ፣ ወረርሽኝ እየመረመሩና የቅኝት መረጃ እየተነተኑ ነው። ለዓመታት የወረዳውን ሪፖርት ሲልክ የኖረ ሰው እዚያ ውስጥ ከወጣቶቹ ይልቅ ቶሎ ይገባዋል። ወጣቶቹ መሃል መግባቱን ደግሞ ይተዉት። ሶፍትዌሩን እነሱ ያሳዩዎታል፤ እርስዎ ደግሞ ቀበሌ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚያናግሩ ያሳዩዋቸዋል።

ጥያቄ፦ ቡሬ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ማስተርስ ላይ ነኝ፤ የኮርስ ሥራው አልቆ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ላይ ደርሻለሁ። አማካሪዬ ርዕስ አምጪ ብሎኛል። ሦስት ርዕስ ወስጄ ሦስቱም «ተሠርቶበታል» ተባሉ። አንድ ሰው ደግሞ «በገንዘብ ይሠራልሻል» አለኝ። ተስፋ ቆርጫለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሰው ተዪው። ኮምፒውተር ቤቱም፣ ግቢው በርም ላይ እንዲህ የሚሉ ሰዎች አሉ። የሚሸጡልሽ ቁጥር ከማንም እናት ያልተሰበሰበ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ተብሎ የተፈጠረ ነው። ያ ቁጥር ነገ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላው ይጠቅሰዋል፣ አንድ ቀን የአንድ ወረዳ እቅድ ይሠራበታል። ዲፌንስ ላይ ከመጋለጥሽ በላይ የሚያስፈራው ይሄ ነው። የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የሚኖር ሙያ ውስጥ የውሸት ቁጥር ማስገባት አይቻልም።

ሦስቱ ርዕሶችሽ ለምን እንደወደቁ እገምታለሁ። «የእንዲህ ያለ ነገር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች፣ በእንዲህ ያለ ከተማ» የሚል ቅርጽ ነበራቸው አይደል? በዚህ ቅርጽ የተሠራ ቴሲስ መደርደሪያ ሞልቷል። ከኢንተርኔት ተነስተሽ ስትፈልጊ ሌላው ያገኘውን ነው የምታገኚው። ከማዋለጃ ክፍልሽ መዝገብ ተነሺ።

እስቲ አብረን እንየው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጤና ተቋም ውስጥ የተወለዱት 26 ከመቶ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ 48 ከመቶ ደረሱ። እንዲህ ሲሆን ጥያቄውም አብሮ መቀየር አለበት። ድሮ ሁላችንም «እናቶች ለምን አይመጡም?» እያልን ጻፍን። አሁን ብዙዎቹ እየመጡ ነው። ታዲያ ሲመጡ ምን ያገኛሉ? ይህንን ለመመለስ ካንቺ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም፤ በየቀኑ እዚያው ነሽ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ለመከላከል ኦክሲቶሲን እንሰጣለን። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ካገኘው ኃይሉ ይቀንሳል። መብራት በሄደበት ሰዓት በየጤና ጣቢያው ያለው ፍሪጅ ምን ይሆናል? የሙቀት መመዝገቢያው በትክክል ይሞላል ወይስ ወር ሲያልቅ አንድ ላይ ይጻፋል? መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ ትሮሊ ላይ ነው የሚውለው? ይህንን በቡሬና በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ዞረሽ ብታዪ ቴሲስ ነው። ውጤቱንም በማግስቱ ሥራ ላይ ታውዪዋለሽ።

ሌላ ልጨምር። ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ) ላይ የሚሞላው ምጡ እየሄደ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ? ሪፈር የተደረገች እናት ሪፈሩ ከተወሰነላት ሰዓት እስከ ደረሰችበት፣ ከደረሰችበት እስከ ታየችበት ስንት ሰዓት ወሰደባት? ከደረሰች በኋላ ያለው፣ ሦስተኛው መዘግየት የምንለው፣ በእኛው በር ላይ የሚሆነው ነው፤ ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ግን መጻፍ ያለበት እሱ ነው።

ለጎጃም ብቻ የሚያሳስበኝም አለ። ቀይ የሸክላ አፈር ባለበት ደጋ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስን ታውቂዋለሽ። ተላላፊ አይደለም፤ በጫማና እግርን በመታጠብ ይከላከላል። ሕዝቡ ግን የዘር ነው ይላል፣ ይሸሻቸዋል፣ ልጆቻቸውንም ለማግባት ያመነታል። እግሯ ያበጠ ነፍሰ ጡር ለክትትል ትመጣለች? ወረፋ ላይ ስትቀመጥ ማን አጠገቧ ይቀመጣል? እኛስ እንዴት እንቀበላታለን? ጥቂት እናቶችን ብቻ በጥልቀት አናግረሽ የምትሠሪው የጥናት ዓይነት ነው፤ ብዙ ቁጥር አያስፈልግሽም። አማካሪሽ በቁጥር ጥናት ብቻ የሚያምን ከሆነ ሌላ አማካሪ በረዳትነት እንዲጨመርልሽ ጠይቂ፤ ይቻላል።

ስለ አሠራሩ፦ የምትሠሪበት ቦታ ስለሆነ ብቻ መዝገቡን ማገላበጥ አትችዪም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ከዩኒቨርሲቲው ሲደርስሽ፣ ከዚያም ከሚመለከተው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስታገኚ ነው። የእናቶች ስም አይወጣም። ካርድ በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለመረጃ ሰብሳቢ መላክ ፈጽሞ አይሆንም። የምትቆጣጠሪያት ባልደረባ መጠይቅ ስትሞላልሽ «እሺ» የምትለው ፈርታ ሊሆን ይችላልና እሱን ሌላ ሰው ይሰብስብልሽ።

መረጃ ለመሰብሰብ ኮቦ ቱልቦክስ ጥሩ ነው። ነፃ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ስልክ ላይ ሞልተሽ ኔትወርክ ስታገኚ ትልኪዋለሽ፤ ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለትንተና አር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል፤ የተሰረቀ ሶፍትዌር ፍለጋ ቫይረስ አትግዢ። ጽሑፎችን በክፍያ ከዘጉብሽ የዩኒቨርሲቲውን ላይብረሪ የሂናሪ መግቢያ ጠይቂ፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት የተከፈተ ነው። የማጣቀሻ ነገር እንዳያስለቅስሽ ዞቴሮን ከአሁኑ ልመጂ። ሥራሽንም ፍላሽ ላይ፣ ኢሜይልሽ ላይ፣ የጓደኛሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ። ላፕቶፕ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ዘንድሮ ማስተርስ ጀመረች። እናቴ ከእኛ ጋር ናት፤ «የልጅ እናት ትምህርት ምን ያደርግላታል» እያለች ታስከፋታለች። እኔ መካከል ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጠየቅህ ራሱ ደስ ብሎኛል። መካከል ላይ ግን አትቁም። እናትህን የምታናግረው አንተ ነህ፣ ባለቤትህ አይደለችም። በአክብሮት፣ ብቻችሁን ሆናችሁ «እማዬ፣ እንድትማር የፈለግኩት እኔም ነኝ» በላት። እናቶቻችን ብዙ ጊዜ የሚፈሩት ልጃቸው እንዳይጎዳ ነው፤ አንተ ደስተኛ መሆንህን ካየች ይለዝባል። ቡና ሲፈላ ባለቤትህ የምትማረውን እንድትነግራት አድርግ፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር። እናትህም መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከሁሉም በፊት የምትጠቀመው እሷ ናት።

ከዚያ ቅዳሜን ሙሉ በሙሉ ያዝ። ልጆቹን ማብላት፣ ማጠብ፣ ገበያው፣ ሁሉም ያንተ ይሁን። «ረዳኋት» አትበል፤ ቤቱ የሁለታችሁ ነው። ዱቲ አድራ ስትመጣ ደግሞ በሩን ዘግታ ትተኛ፤ እንግዳ ቢመጣም አትቀስቅሳት። ፈተና ሲደርስ ለቅሶና ሠርግ አንተ ሄደህ «ፈተና ላይ ናት» በል፤ ሰው ይገባዋል።

ከዳንግላ ለጻፍከው ጠቅላላ ሐኪም በአጭሩ፦ ስፔሻሊቲ ከሥራ ጎን የሚማሩት አይደለም። በጤና ሚኒስቴር በኩል ፈተና ተፈትነህ የምትመደብበት ነው፤ እንደ ሙያው ብዙውን ጊዜ 3 ወይም 4 ዓመት ሙሉ ጊዜህን ይወስዳል። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም ሄደህ የምትፈልገውን ዎርድ ሬዚደንቶች አንድ ቀን አናግር። ዱቲያቸውን ጠይቅ፣ ማን እንደሚያስተምራቸው ጠይቅ፣ ከዚያ ምርጫህን ቅደም ተከተል ስጠው።

ጥያቄ፦ እንጅባራ ፋርማሲስት ነኝ። አንድ ሰው በኦንላይን ከውጭ አገር ማስተርስ እናስጨርስሃለን፣ ቅድሚያ ክፍያ ላክ አለኝ። አንድ የግል ኮሌጅም በቅርቡ እከፍታለሁ እያለ ስም እየመዘገበ ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሁለቱም አሁን ምንም አትክፈል። የግል ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ማግኘቱን አረጋግጥ። ኮሌጁ በጠቅላላው እውቅና አለው መባሉ አይበቃም፤ ለዚያ ፕሮግራም፣ ለዚያ ደረጃ፣ ለዚያ ካምፓስ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ላይ የተፈቀደ እንጅባራ ላይ የተፈቀደ ማለት አይደለም። ዓመተ ምሕረቱንም እይ፤ እውቅና ያልቃል። የውጭውን ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠውም ይኸው ባለሥልጣን ነው፤ በደላላ በኩል የመጣ፣ በጥቂት ወር የሚጨርስ «ማስተርስ» ይዘህ ብትሄድ የሚቀበልህ አይኖርም።

እውነተኛ የርቀት ትምህርት ግን አለ። የለንደን የንጽሕናና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጠው የታወቀ ነው። ማመልከቻው በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ በቀጥታ ይሞላል፤ መካከለኛ ሰው አያስፈልግም። ክፍያው ለእኛ ደሞዝ ከባድ ስለሆነ ስኮላርሺፕ አብረህ ፈልግ። ወደ ውጭ ወጥተህ መማር ከቻልክ ደግሞ የሥራ ልምድህ ይጠቅምሃል። ቼቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ትምህርቱ 1 ዓመት ነው፣ ከዚያ አገርህ ተመልሰህ 2 ዓመት ትቆያለህ። የጀርመኑ ስኮላርሺፕ ሰጪ ዳድም ቢያንስ 2 ዓመት የሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ዲግሪህ ከ6 ዓመት በላይ ካስቆጠረ ግን ስለሚያስቸግርህ አትዘግይ። የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ዛሬ አስጽፍ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን እየሠራህ እንደነበር ይዘርዝር። ምስክርነት የሚጽፉልህን ሁለት ሰዎችም ከአሁኑ ንገራቸው፤ አንዱ ያስተማረህ፣ አንዱ አሁን የሚያሠራህ ቢሆን ይመረጣል።